ቡድኑ እስኪያሸንፍ የቆየ መርዶ

ዘርትሁን የያለምዘውድን ማረፍ የሰማችው መድኃኒት ቤት ደጃፍ፣ መኪናዋ ውስጥ ተራ እየጠበቀች ነው። ሐሙስ ጠዋት ነበር። ሌሊቱን ኦክላንድ ላይ ሲጥል ያደረው ዝናብ አላባራም፤ ከፊቷ ሦስት መኪና አለ። የመጣችው የባሏን የተገኘን የደም ማቅጠኛ ክኒን ለመውሰድ ነው። ስልኳ ሲጠራ የአዲስ አበባ ቁጥር አየችና አነሣችው።

«እትዬ ዘርትሁን፣ ሚክያስ ነኝ» አላት። ሚክያስ የያለምዘውድ የመጨረሻ ልጅ ነው። «ብቻዎን ነዎት?»

እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው የቀረውን ሳይሰማም ያውቀዋል። ዘርትሁን የዝናቡ መጥረጊያ መስተዋቱን አንዴ፣ ሁለቴ ሲጠርገው አየች።

«ብቻዬን ነኝ። ንገረኝ።»

«እማዬ ዛሬ አረፈች። አልታመመችም፤ እንደተኛች ነው። ቀብሯ ነገ ነው። ለአጎቴ ግን በስልክ እንዳይነገረው፣ አደራዎን። ልቡን ኦፕራሲዮን ከሆነ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። እሷን አጥተን ደግሞ እሱን...»

ከኋላዋ ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋባት። ወደ ፊት ሄደች። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ የተገኘን የትውልድ ቀን ጠየቀቻት፤ ነገረቻት። ፈርሚ አለቻት፤ ፈረመች። ሰው መርዶ ሰምቶ፣ ፈርሞ፣ አመስግኖ ክኒን እንደሚቀበል ያን ቀን አወቀች። ከዚያ መኪናዋን ጥግ አስያዘችና ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ልቅሶዋ ግን ሙሉ አልነበረም፤ ግማሹ ፍርሃት ነበር። ቤት ስትገባ ፊቷን የሚያይ ሰው አለ።

ያለምዘውድ ለተገኘ እኅት ብቻ አልነበረችም። እናታቸው ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ፣ እሷ ዐሥራ ስምንት ነበረች። ጉለሌ፣ በአንዲት ክፍል ቤት፣ ጥጥ እየፈተለች አሳደገችው። ትዳሯን እንኳ እሱ ለአቅመ አዳም እስኪቃረብ አቆየችው። በሱዳን በኩል ሲሰደድ ስንቁን የቋጠረችለት እሷ ናት። እሱም እስከ ስድሳ ስድስት ዓመቱ ድረስ «እትዬ» እንጂ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ይደውልላታል። ከጤናው ቀጥሎ የምትጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ያ የበረዶ ጨዋታህ እንዴት ሆነ?»

የበረዶ ጨዋታ የምትለው የሳን ሆዜን የሆኪ ቡድን ነው። ተገኘ አሜሪካ እንደገባ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራ ጨዋታው የሚካሄድበት አዳራሽ ውስጥ ወንበር ማጽዳት ነበር። ተመልካቹ ሲወጣ እሱና ባልደረቦቹ መጥረጊያቸውን ይዘው ይገባሉ። አለቃቸው የፊሊፒንስ ሰው ነው፤ ቀደም ብሎ የመጣ ሠራተኛ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ከላይ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ እንዲያይ ይፈቅድለታል። ተገኘ ቀደም ብሎ መምጣት ጀመረ። በረዶ የሚያውቀው ከሰማይ ሲወርድ ብቻ ነበር። እዚያ ግን ሰዎች ጫማቸው ሥር ምላጭ አስረው በላዩ ይከንፋሉ፤ በቆልማማ ዱላ ፓክ የምትባል ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ ያሳድዳሉ፤ ይላተማሉ፣ ይወድቃሉ፣ ተነሥተው ደግሞ ይከንፋሉ። «እትዬ፣ የገና ጨዋታን በበረዶ ላይ አስቢው» ብሎ ጻፈላት። ኋላ ኦክላንድ ገብቶ ሃያ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነዳ፤ ሳን ሊያንድሮ ቤት ሠራ፤ ዘርትሁንን አገባ፤ ዮርዲን ወለደ። ቡድኑን ግን አልለወጠም።

ቡድኑ በዚያ ሰሞን ደካማ ነበር። ተገኘ እንደ ሌላው ደጋፊ አይሳደብም፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ጫማ አይወረውርም። ለሚጠብቀው ነገር ልክ አለው። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ወንበሩ ላይ ይደላደልና ጮክ ብሎ ይናገራል፦ «ዛሬ ከአራት በላይ ካልገባብን ጥሩ ነው።» ወይም፦ «ዛሬ አዲሱ በረኛ ሳይደነግጥ ካመሸ ይበቃኛል።» ያለው ከሆነለት ቡድኑ ተሸንፎም ረክቶ ይነሣል። ዮርዲ ልጅ ሆና በሽንፈት ስታለቅስ፣ «የሌላቸውን ለምን ጠየቅሻቸው?» ይላት ነበር። እትዬ አንድ ጊዜ ለቡድኑ ስለት ልሳል ብትል፣ «ተይ እትዬ፣ ማርያምን በዚህ አታስቸግሪያት» ብሎ ከለከላት።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ዘርትሁን ዐይኑን እያየች ልትዋሸው የነበረው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከዮርዲ ጋር አንድ ዶናት ቤት ገብታ ጋሽ ሰረቀብርሃንን አገኘቻቸው። የዕድሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ሰባ አምስት ያለፉ፣ ድሮ ታክሲ ነጂ፣ አሁን ጡረተኛ። በዚህ አገር በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ መርዶ አርድተዋል።

«ማሚ፣ ጀስት ንገሪው» አለች ዮርዲ ገና ሳይቀመጡ። «እኅቱ እኮ ናት። መብቱ ነው።»

«ዶክተሩ ያለውን አልሰማሽም?»

«ዶክተሩ ስትሬስ ይቀንስ ነው ያለው። ዋሹት አላለም።»

ጋሽ ሰረቀብርሃን ቡናቸውን በእጃቸው ከበቡት። ቀጥሎ የተናገሩት ለልጅቷ ሳይሆን ለጠረጴዛው ይመስል ነበር። «ሚልፒታስ ከተማ አንድ ልጅ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ሲገባ በር ላይ ጠብቀን ነገርነው። ሳይበላ፣ ሳይተኛ። ልቡ ደካማ መሆኑን አላወቅንም። በሳምንቱ እሱን ቀበርነው።» ቀና አሉ። «ልቡ የታመመ ሰው መርዶ የሚሰማው ሆዱ ሞልቶ፣ ደስ ባለው ማግስት ነው። ተገኘን በዚህ ዓለም ላይ ደስ የሚያሰኘው ምንድን ነው?»

እናትና ልጅ ተያዩ። «ሆኪ» አለች ዮርዲ።

«እንግዲያው ቡድኑ ያሸነፈ ማግስት ንጋት ላይ እንመጣለን። በሳምንት ስንቴ ይጫወታሉ?»

«ሦስቴ። አንዳንዴ አራቴ።»

«በቃ! ከሦስት አንዱን ማሸነፍ አያቅታቸውም። እስከ እሑድ ያልቃል።»

ዮርዲ አክስቷን አስባ ዐይኗ እንደቀላ ሳቅ አመለጣት። «ጋሼ፣ ዩ ዶንት ኖው ዚስ ቲም።»

«ምን አለች?»

«ቡድኑን አያውቁትም ነው የምትለው» አለች ዘርትሁን።

«ቡድን ቡድን ነው ልጄ። አንዴ ይጥላል፣ አንዴ ይወድቃል።»

«ይኼ መውደቁን ብቻ ነው የያዘው።»

ዘርትሁን ሳቁ አልመጣላትም። ሚልፒታስ ስለሞተው ልጅ እያሰበች ነበር። «እርስዎ እንዳሉ ይሁን» አለች።

በዚያው ምሽት ቡድኑ ተሸነፈ። ቅዳሜ ተሸነፈ። ዮርዲ የአባቷን ስልክ «አፕዴት እያደረግሁልህ ነው» ብላ ወስዳ፣ የሰው ፎቶና የነፍስ ይማር ጽሑፍ የሚመጣበትን ሁሉ አጠፋችበት። ቤተ ክርስቲያን እንዳይሄድ ዘርትሁን ጉንፋን ገብቷል ብላ አስቀረችው። እሑድ እንደ ልማዱ ወደ ጉለሌ ሲደውል ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ጸበል ገብታለች? መቼ?» ሲል ሰማችው። «እንጦጦ? በዚህ ብርድ? ... ስልክ አይፈቀድም? እሺ። እሺ ሚኪ። ስትወጣ ንገራት፤ ደህና ነኝ በላት፤ እየተራመድኩ ነው በላት።»

ስልኩን ዘጋ። «በሰማንያ ዓመቷ ጸበል ምን ወሰዳት?» አለ።

«ላንተ ይሆናላ» አለች ዘርትሁን። «ለልብህ ብላ።» ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ወደ ቧንቧው ዞራ የታጠበውን ድንች እንደገና አጠበችው። ውሸቱ እንዲህ ቀላል ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር። ያስፈራትም ይኼው ነው።

ማክሰኞ ጋሽ ሰረቀብርሃን በሽተኛ ጥየቃ ብለው መጡ፤ ዋናው ጉዳያቸው ግን ቡድኑን በዐይናቸው ማየት ነው። ከተገኘ አጠገብ ተቀምጠው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጨዋታውን ተከታተሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መብራቱ ቦግ አለ፣ ሕዝቡ ጮኸ፤ ጋሽ ሰረቀብርሃን ብድግ ብለው አጨበጨቡ።

«ኧረ ጋሼ፣ የነሱ ነው የገባው!» አለ ተገኘ እየሳቀ፣ ስፌቱ እንዳያመው ደረቱን በትራስ ደግፎ።

«እና ሕዝቡ ምን አስጮኸው?»

«ሜዳው የነሱ ነዋ።»

ሽማግሌው ተቀመጡ። «ለመሆኑ ያንተዎቹ አሸንፈው ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። አሁን ግን ከነሱ መጠበቅ የለብዎትም። ልጆች ናቸው። አንዱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዘንድሮ መውደቅ ይማሩ፣ ከርሞ መነሣት። ማሸነፉን የዛሬ ሦስት ዓመት እንነጋገርበታለን።»

«የዛሬ ሦስት ዓመት!» ጋሽ ሰረቀብርሃን ወደ ዘርትሁን ዞር አሉ። ፊታቸው ላይ ያየችው ነገር የራሷ ፍርሃት ነበር። «ወንድሜ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት እኔና አንተ የት እንዳለን በምን አወቅህ?»

«እኔማ እዚችው ወንበር ላይ ነኝ» አለ ተገኘ።

ሲወጡ ዘርትሁን እስከ መኪናቸው ሸኘቻቸው። «ጋሼ፣ አምስት ቀን አለፈ። ዝም ብለን ብንነግረውስ?» አለቻቸው። እሳቸው ግን ቁልፋቸውን ይዘው ወደ ቤቱ መስኮት አዩ። ተገኘ ገና ይስቅ ነበር። «አየሽ እንዴት እንደሚስቅ?» አሉ። «እኔ ይኼን ሳቅ ለመቁረጥ ጉልበት የለኝም። ሲያሸንፉ ያግዙኛል።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ዘርትሁን የምትፈራው ከየት እንደሚመጣ ስለማታውቅ ሁሉንም ጎን ስትጠብቅ ሰነበተች። አንድ ቀን ተገኘ መራመድ አማረኝ ብሎ አብሯት ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያለው ሱቅ ገባ። ባለሱቋ ፅጌረዳ ገና ስታየው እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ፊቷን አከፋች፣ አፏን ከፈተች። ዘርትሁን ከኋላው ሆና ራሷን በኃይል ነቀነቀች። ፅጌረዳ የከፈተችውን አፍ ምን ታድርገው? «ጋሽ ተገኘ... ከሳህ» አለች።

«ሐኪም አዞኝ ነው» አላት እየተኩራራ።

ዘርትሁን መኪና ውስጥ ስትገባ ቁልፉን እንደያዘች ሞተሩን ሳታስነሣ ተቀመጠች። «ምን ሆነሽ ነው?» አላት። «ምንም፤ ራሴን አሞኝ ነው።» ትክ ብሎ አያት። የዚያን ዕለት ማታ ስትተኛ ትንፋሹን መቁጠር ጀመረች። ሁለት ፍርሃት ነበራት፤ ቢሰማ ልቡ ይቆማል የሚልና፣ ሳይሰማ በቆየ ቁጥር ኋላ ዐይኗን አያይም የሚል። ሁለቱ እየተፈራረቁ ይቀሰቅሷታል።

ቡድኑም መሸነፉን ቀጠለ። አምስት። ስድስት። ሰባት። ጋሽ ሰረቀብርሃን በየማለዳው ይደውላሉ፤ ሰላምታም የላቸው። «እህሳ?» «ተሸነፉ ጋሼ።» «በስንት?» «አምስት ለአንድ።» «ኧረ ወዲያ!» ዕድሜያቸውን በሙሉ ኳስ ያላዩ ሰው የደረጃ ሰንጠረዥ ማንበብ ጀመሩ። ስምንተኛው ሽንፈት በአንድ ጎል ብቻ ስለነበር ተገኘ በጣም ተደሰተ፤ ልጆቹ እየተማሩ ነው አለ። ዮርዲ እናቷን ወደ ጓዳ ጎትታ፣ «ማሚ፣ ሂ ኢዝ ሃፒ! ይኼው ደስ ብሎታል። ነገ ይምጡ» አለቻት። ዘርትሁን ደወለች። ጋሽ ሰረቀብርሃን ግን፣ «ተሸንፎ የሚደሰት ሰው ደስታው ምን ያህል ያስተማምናል? ያሸንፉ» አሉ። ዘርትሁንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቀን በመራዘሙ እፎይ አለች።

የፕሬዚዳንቶች ቀን የሚከበርበት ሰኞ ጨዋታው በቀን ሆነ። ዮርዲ ሥራ የላትም። ዝናቡ ለጊዜው ቆሞ ፀሐይ ወጥታለች። ተገኘ ወንበሩ ላይ ተደላደለና የሚጠብቀውን ተናገረ፦ «ዛሬ የምንጫወተው ከትልቅ ቡድን ጋር ነው። ሁለት ካገባን ይበቃኛል።»

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁለት አገቡ። በሁለተኛው ሦስተኛውን ደገሙ። ሦስት ለአንድ። ተገኘ ደስታውን ላለማመን ከንፈሩን ነክሷል። ዮርዲ እናቷን አየቻት፤ ዘርትሁን ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን እንደያዘች ጣቶቿ አይንቀሳቀሱም።

ጨዋታው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ዘርትሁን የምትጸልየው ስለ ሽንፈት መሆኑን ልብ አለችው። እመቤቴ፣ አታግቢላቸው። እመቤቴ፣ ዛሬን አሳልፊልኝ። ተጋጣሚው አንድ ሲያገባ ትከሻዋ ወረደላት። እኩል ሲሆኑ ዐይኗን ጨፍና አመሰገነች። ባሏ ግን «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም፤ ሁለት ነበር ያልሁት፣ ሦስት አገቡልኝ» ይላል እንጂ እጁ የወንበሩን ክንድ ጨብጧል።

ተጨማሪ ሰዓት ሆነ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ያለው ልጅ ፓኳን ከመሀል ነጥቆ ብቻውን ከነፈ። ተገኘ ከወንበሩ ተነሣ። ገባች።

ሁለት እጁን ሰቅሎ ጮኸ። ከዚያ አንደኛው እጁ ወረደና ደረቱን ያዘ። ዘርትሁን ዘላ አጠገቡ ደረሰች።

«ስፌቱ ነው፣ ስፌቱ ነው» አላት እየሳቀ፣ እንባ በዐይኑ ሞልቶ። «አየሽው? ብቻውን እኮ ነው! ይቺንማ ለእትዬ መንገር አለብኝ። ጸበሉንም ቢሆን አስቁመው ያቅርቧት፤ ነገ እደውላለሁ።»

ዮርዲ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። የዘርትሁን ስልክ ወጥ ቤት ውስጥ ጠራ።

«ሬዲዮ ላይ ሰማሁ» አሉ ጋሽ ሰረቀብርሃን። ድምፃቸው ደስታም ሐዘንም አልነበረበትም። «ነገ ዐሥራ ሁለት ሰዓት። ነርሷን መቅደስን ይዘን እንመጣለን፤ የደም ግፊቱን ትለካዋለች። አብሊው፣ ክኒኑን ስጪው። አንቺ ምንም እንዳትናገሪ፤ ነገሩን ለእኛ ተይው።»

«ጋሼ፣ ፈራሁ።»

«እኔስ?» አሏት።

ማክሰኞ ንጋት ዝናቡ ተመለሰ። ዮርዲ የምትሠራው ፕሌዘንተን፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው፤ መንገዱ ሳይጨናነቅ ነው የምትወጣው። «ኮል ላድርግና አሞኛል ብዬ ልቅር ማሚ» አለች ሹክ ብላ። ዘርትሁን እንቢ አለች። በሥራ ቀን ቤት ካያት ይጠረጥራል። ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወጣች፤ የመኪናዋ ድምፅ በዝናቡ ውስጥ ራቀ።

ዘርትሁን አጃውን ጣደች። ያሰበችው ተገኘ እስኪነሣ ግማሽ ሰዓት እንዳለ ነው። እሱ ግን ያችን ጎል ደግሞ ሊያያት ብሎ በጊዜ ተነሥቶ ሳሎን ገብቷል። ሽማግሌዎቹም ዐሥር ደቂቃ ቀድመው ደረሱ። በሩ በቀስታ ሲንኳኳ ዘርትሁን ማማሰያውን ይዛ ከወጥ ቤት እስክትወጣ ተገኘ ከፍቶታል።

ከደጁ መብራት ሥር አራት ሰው ቆሟል። ጋሽ ሰረቀብርሃን ከፊት፣ ከኋላቸው ሁለት የዕድር ሰዎች፣ ከሁሉም ኋላ መቅደስ። መቅደስ ከአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሌሊት ፈረቃ ሠርታ በቀጥታ መምጣቷ ነው፤ የሥራ ልብሷን አልቀየረችም፤ ስሟና ፎቶዋ ያለበት መታወቂያ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ተገኘ ሽማግሌዎቹን አየ። የመቅደስን የሥራ ልብስ አየ። ዝናቡን አየ። ወደ ኋላው ዞሮ የዮርዲ ጫማ የሚቀመጥበትን ባዶ ቦታ አየ።

«ዮርዲ?» አለ።

እነሱ ጥያቄውን አልጠበቁትም። መርዶ ሥርዓት አለው፤ ሰው ይቀመጣል፣ ጸሎት ይደረሳል፣ ከሩቅ ይጀመራል። ጋሽ ሰረቀብርሃን መቶ ጊዜ ያሉትን አሉት፦ «ተገኘ፣ መጀመሪያ ቁጭ እንበል።»

«ልጄ ናት?»

«ግድ የለም፣ ግባና ቁጭ በል ወንድሜ።»

«መንገድ ላይ ነው? ጋሼ፣ ልጄ ናት? መቅደስ! አንቺ ጋ አመጧት?» የበሩን መቃን በሁለት እጁ ያዘ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ጉልበቱ ቀስ እያለ ይታጠፍ ጀመር። መቅደስ ሰዎቹን ገፍታ አለፈችና በብብቱ ገብታ ደገፈችው።

ዘርትሁን የጋሽ ሰረቀብርሃንን ትእዛዝ ያን ጊዜ ጣሰችው። «ዮርዲ ደህና ናት!» ብላ ጮኸች። «ተጌ፣ ስማኝ፤ ዮርዲ ደህና ናት፣ ሥራ ገብታለች። እትዬ ናት። ያረፈችው እትዬ ናት።»

ተገኘ ዐይኖቹን ጨፈነ። ከሆዱ ውስጥ ትልቅ ትንፋሽ ወጣ።

«ተመስገን!» አለ።

ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ከደጅ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። ከዚያ ዐይኑን ገለጠና የአንዱን ፊት፣ የሌላውን ፊት አየ። ምን ብሎ እንዳመሰገነ የገባው ያን ጊዜ ነው። አፉን በመዳፉ ከደነ።

መቅደስ አስቀምጣ ደሙን ለካችው። ከፍ ብሎ ነበር፤ ቀስ እያለ ወረደ። ልቡ አልቆመም። ዘርትሁን ዐሥራ ዘጠኝ ቀን የፈራችው ነገር አልደረሰም። ሽማግሌዎቹ አብረውት ሊያለቅሱ መጥተው እሱ ስላልጀመረ መጀመር አቃታቸው። ጋሽ ሰረቀብርሃን ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲያዞሩት ቆዩ። አጃው ወጥ ቤት ውስጥ አረረ።

በኋላ፣ ቤቱ በሰው ሲሞላ፣ «መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነገሩት። ቀኑን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ዮርዲ ከሥራ ተጠርታ መጥታ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር።

«ከዚያ ወዲህ ስንት ጨዋታ አየሁ?» አላት።

ልትዋሽለት ፈለገች። ከዚያ ተወችው። «ናይን፣ ዳዲ።»

«ዘጠኝ» አለ። «እሷ አፈር ለብሳ።»

ለቅሶው ሦስት ቀን ቆየ። የመጣውን ሁሉ ተቀበለ፤ እግዜር ይስጥልኝ አለ፤ ያቀረቡለትን በላ። ከሚክያስ ጋር በስልክ ሲነጋገር ድምፁ አልተሰበረም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ዘርትሁን ክኒኑንና ውኃውን ይዛ ቀረበች።

«ዶክተሩ ነው እንዲያ ያስፈራኝ» አለችው። «ጋሽ ሰረቀብርሃንም ደስ ባለው ማግስት ይሁን አሉ። ያሸንፋሉ ብለን...»

«ዘርቲ» አላት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። «እነሱ እንደማያሸንፉ እኮ ነግሬያችኋለሁ። ከነሱ ምንም አልጠበቅሁም። የምጠብቀው ካንቺ ነበር።» ክኒኑን ዋጠ። ቆይቶ፣ መስኮቱን እያየ፣ «ያን ቃል ሰምታኝ ይሆን?» አለ።

ዘርትሁን «አታውቅህም እንዴ?» አለችው። የውኃውን ብርጭቆ መለሰላት።

ዐርባዋ ኦክላንድ ተፈታ። ተገኘ ነጠላውን ለብሶ ከፍትሐቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቆመ። ስሟን ለቄሱ የሰጠው ራሱ ነው፤ ክርስትና ስሟን ሲናገር እንኳ አላለቀሰም። ልቡ በደንብ እየዳነ ነው ይላል ሐኪሙ። በየጠዋቱ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ይዞራል። ጨዋታ ሲኖር ዮርዲ ቴሌቪዥኑን ትከፍትለታለች፤ ተቀምጦ ያያል፤ ስለሚጠብቀው ነገር ግን ምንም አይናገርም።

ዘርትሁን ስለዚያች ቃል ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲነጋገር ለምናዋለች። እሳቸውም አውቀውት እየጠበቁት ነው፤ ቤታቸው በመኪና ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። «እሺ» ይላታል። እስካሁን አልሄደም።